ከመስቀሉ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ፦ የፊንላንድ ብርቅዬ የጦር ኒሻኖች በጨረታ ገበያ

ቱኦማስ ገርት ያረፉት በኖቬምበር 2020 በ98 ዓመታቸው ነው። የፊንላንድ ከፍተኛው የጀግንነት ኒሻን የሆነውን የማነርሄይም መስቀል ከተሸለሙት 191 ሰዎች ውስጥ በሕይወት የቀሩት የመጨረሻው ሰው እሳቸው ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ ያንን ኒሻን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እንዴት እንዳገኘው በራሱ አንደበት የሚናገር ሰው የለም። ኒሻኖቹ ግን አሉ። አንዳንዶቹ ሙዚየም ገብተዋል፣ አንዳንዶቹ በልጅና በልጅ ልጅ እጅ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ጨረታ ላይ ይወጣሉ። (ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጉዳዩን ዛሬ ማንሳት ያስፈለገኝም ለዚሁ ነው። ፊንላንድ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሁለት ጊዜ ተዋግታለች፣ ከኖቬምበር 1939 እስከ ማርች 1940፣ ከዚያም ከጁን 1941 እስከ ሴፕቴምበር 1944። በ1944 የ20 ዓመት ልጅ የነበረ ወታደር ዛሬ ቢኖር 100 ዓመት አልፎት ነበር። ልጆቹም ራሳቸው አርጅተዋል። ስለዚህ አሁን ቤት ይለቀቃል፣ ውርስ ይከፋፈላል፣ መሳቢያ ይከፈታል፤ ከመሳቢያው ደግሞ ጥቁር የሆነ መስቀል፣ የደበዘዘ ሪባንና የታጠፈ ወረቀት ይወጣል። ወራሾቹ ሦስት ከሆኑ መስቀሉን ለሦስት መቁረጥ አይቻልም፤ ሸጦ ገንዘቡን መካፈል ግን ይቻላል። ብዙው ዕቃ ገበያ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሽያጩ ራሱ አይደለም። የሚያሳስበኝ አሻሻጡ ነው። የፊንላንድ ኒሻን ከወረቀቱና አብረውት ከነበሩት ሜዳሊያዎች ከተለየ፣ የማን እንደነበረ ማወቅ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ መልሶ ማገናኘትም እንዲሁ። ጨረታ ደግሞ በጥንቃቄ ካልተያዘ ይህንን መለያየት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጽመዋል።

መጀመሪያ ዕቃዎቹን እንተዋወቅ።

የፊንላንድ የመጀመሪያው ኒሻን የነጻነት መስቀል ነው። የተቋቋመው ማርች 4 ቀን 1918 ሲሆን አገሪቱ ከሩሲያ ተለይታ ነጻነቷን ካወጀች ገና ሦስት ወር አልሞላትም ነበር፤ ያውም በእርስ በርስ ጦርነት መሀል። ሐሳቡን ያመጡት «ነጮቹ» የሚባለው የመንግሥቱ ወገን ጦር አዛዥ ጄኔራል ጉስታፍ ማነርሄይም ናቸው፤ ተቃዋሚዎቻቸው ሶሻሊስቶቹ «ቀዮቹ» ይባሉ ነበር። ንድፉን የሠሩት ደግሞ ታዋቂው ሠዓሊ አክሴሊ ጋለን-ካሌላ ናቸው፣ ከዚያ በፊት በ1909 ቤተሰባቸውን ይዘው ኬንያ ሄደው የምሥራቅ አፍሪካን ሜዳና አውሬ ሲስሉ የከረሙት ሰው። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በ1919 መጀመሪያ ላይ፣ መስቀሉን መስጠት ቆመ፤ በቦታውም የፊንላንድ ነጭ ጽጌረዳ የሚባለው ኒሻን መጣ። ሶቪየት ኅብረት በ1939 ስትወር ግን የነጻነት መስቀል ተመለሰ፣ በዲሴምበር 1940 ደግሞ ቋሚ ሆነ።

መስቀሉ ላይ ዓመት አለ። 1918፣ 1939 ወይም 1941። ጀማሪ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም ሦስቱ ዓመታት ሦስት የተለያዩ ጦርነቶችን ነው የሚናገሩት። 1918 የእርስ በርሱ ነው፤ ወንድም ወንድሙን የገደለበት፣ በጥቂት ወራት ውጊያ፣ በግድያና በእስር ቤት ረሃብና በሽታ ከ36,000 በላይ ሰው ያለቀበት። 1939 የክረምቱ ጦርነት ነው፤ 105 ቀን የፈጀውና ፊንላንዳውያን እስካሁን በኩራት የሚያነሱት። 1941 ደግሞ ከጀርመን ጎን ተሰልፈው የተዋጉበት ነው፤ ስለእሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ትንሽ ይለወጣል። አንድ ቅርጽ ያለው መስቀል ስለሆነ ብቻ ሦስቱን እንደ አንድ ዕቃ ማየት ስህተት ነው። በ1918 የተሸነፉት የቀዮቹ የልጅ ልጆች ያንን ዓመት የያዘ መስቀል መስታወት ውስጥ ሲያዩ የሚሰማቸው ነገር ከነጮቹ የልጅ ልጆች ጋር አንድ አይደለም።

ይሄ 1918 የሚለው መስቀል ፊንላንድ ውስጥ ብቻ አይደለም የሚገኘው። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ላይ የጀርመን ጦር ሃንኮ ወደብ አርፎ ሄልሲንኪን ከቀዮቹ እጅ አስለቅቋል፤ ለጀርመን መኮንኖችና ወታደሮች መስቀሉና ከእሱ ዝቅ ያለው የነጻነት ሜዳሊያ በብዛት ተሰጥቷል። ስዊድናውያን በጎ ፈቃደኞችም ነበሩ። በክረምቱ ጦርነት ደግሞ ከ8,000 በላይ ስዊድናውያን በፈቃዳቸው ዘምተዋል። ስለዚህ አንድ የፊንላንድ ኒሻን ሙኒክ ወይም ስቶክሆልም ጨረታ ላይ ብታዩት ተሰርቆ ወጣ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ከመጀመሪያውም እዚያው የኖረ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ተፈላጊው ግን የማነርሄይም መስቀል ነው። የተቋቋመው በዲሴምበር 1940፣ የነጻነት መስቀል ሥርዓት አካል ሆኖ ነው። ልዩ የሚያደርገው ማዕረግ አለመጠየቁ ነው። ለተለየ ጀግንነት፣ በውጊያ ለተገኘ ትልቅ ውጤት ወይም ለላቀ የጦር አመራር ይሰጣል፤ ተሸላሚው ተራ ወታደርም ሊሆን ይችላል፣ ጄኔራልም። መጀመሪያ ያገኙት ኮሎኔል ሩበን ላጉስ ናቸው፣ በጁላይ 1941። በዚያው ዓመት ግን ተራው ወታደር ቪልሆ ራቶም አግኝተውታል። ከመስቀሉ ጋር 50,000 የፊንላንድ ማርክ ይሰጥ ነበር፤ በጊዜው የአንድ ዝቅተኛ መኮንን የዓመት ደመወዝ ያህል ነው። አንደኛ ደረጃውን ያገኙት በታሪክ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ማነርሄይም ራሳቸውና በእሳቸው ስር የጦሩ ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ኤሪክ ሃይንሪክስ። ሁለተኛ ደረጃውን ሁለት ጊዜ የተሸለሙ አራት አሉ፦ አብራሪዎቹ ኢልማሪ ዩቲላይነንና ሃንስ ቪንድ፣ እንዲሁም ማርቲ አሆና አሮ ፓያሪ።

191 ሰው ማለት ሁሉም በስም ይታወቃል ማለት ነው። እያንዳንዱ ተሸላሚ ተራ ቁጥር አለው። የተሸለመበት ቀን፣ የነበረበት ክፍል፣ የሠራው ሥራ ሁሉ ተመዝግቧል። እና እዚህ ላይ ነው ለገዢው ትልቁ መከላከያ ያለው፦ የማነርሄይም መስቀል የሚሸጥ ሰው ባለቤቱን መጥራት ካልቻለ ንግግሩ እዚያው ያልቃል። «ከአያቴ ነው፣ ስሙን አላውቅም» የሚል ሻጭ የነጻነት ሜዳሊያ ሲሸጥ ሊታመን ይችላል፤ የማነርሄይም መስቀል ሲሸጥ ግን በፍጹም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሲሞ ሃይሃ በመላው ዓለም ይታወቃሉ። በክረምቱ ጦርነት በኮላ ግንባር ከ500 በላይ የጠላት ወታደር እንደገደሉ የሚነገርላቸው አነጣጣሪ ተኳሽ ናቸው። ስማቸው የገነነ ስለሆነ «የእሳቸው የማነርሄይም መስቀል» ተብሎ አንድ ነገር ቢቀርብ የሚያምን አይጠፋም። ሃይሃ ግን ይህን መስቀል አልተሸለሙም። ማርች 6 ቀን 1940 ፊታቸው ላይ ክፉኛ ቆሰሉ፣ ጦርነቱ ከሳምንት በኋላ አለቀ፣ መስቀሉ ደግሞ የተቋቋመው ከዚያ ዘጠኝ ወር ቆይቶ ነው። በሚቀጥለው ጦርነት ከቁስላቸው የተነሳ አልተዋጉም። የነጻነት መስቀልና በዚያው ግንባር ስም የተሠራው የኮላ መስቀል ነው ያላቸው። እዚህ ላይ ፎርጅዱን ለመያዝ ማጉያ መነጽር አያስፈልግም፣ የቀን መቁጠሪያ ይበቃል።

ላውሪ ቶርኒም እንዲሁ ስማቸው የገነነ ነው። በ1944 የማነርሄይም መስቀል ተሸለሙ፣ በናዚ ጀርመን የጦር ክንፍ በኤስኤስ ውስጥም አገልግለዋል፣ ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ሄደው ስማቸውን ቀይረው የልዩ ኃይል መኮንን ሆኑ፣ በ1965 በቬትናም ጦርነት ጊዜ ሄሊኮፕተራቸው ተከስክሶ ሞቱ፣ አጽማቸው ተገኝቶ በ2003 አርሊንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ወታደሮች መቃብር ተቀበረ። በሦስት አገር ወታደርነት ያለፈ ሰው በሦስት አገር ሰብሳቢ ይፈለጋል። ፍላጎት ባለበት ደግሞ ፎርጅድ ይኖራል። ከእሳቸው ስም ጋር ተያይዞ የሚመጣ ነገር ሁሉ ከሌላው ሁለት እጥፍ መመርመር አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ብሪታኒያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮቿ የሰጠቻቸውን ሜዳሊያዎች ጠርዝ ብትመለከቱ የወታደሩ ስም፣ ቁጥሩና ክፍሉ ተቀርጾ ታገኛላችሁ። መቶ ዓመት አልፎት፣ ከቁም ሳጥን ስር ወድቆ ቢገኝ እንኳን ባለቤቱን ይናገራል። የፊንላንድ መስቀል እንዲህ አይደለም። ስም የለውም። አንዱን ከሌላው የሚለየው ዓመቱ፣ ደረጃው፣ ላዩ ላይ የሰይፍ ቅርጽ መኖር አለመኖሩ፣ ሪባኑ ነው፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ «የማን» የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። የሚመልሰው አብሮት የተሰጠው የምስክር ወረቀት ነው። ስሙ፣ ማዕረጉ፣ የተሰጠበት ቀንና ፊርማው እዚያ ላይ ነው ያለው። ከእሱ ሌላ የወታደሩ የአገልግሎት ደብተር፣ ደብዳቤዎቹ፣ ኒሻኑን አድርጎ የተነሳው ፎቶ።

ስለዚህ ሁለት በሁሉ ነገር አንድ ዓይነት የሆኑ የ1941 መስቀሎች በአንድ ጨረታ ቀርበው ዋጋቸው በጣም ሲለያይ አይግረማችሁ። አንዱ ወረቀት አለው። አንዱ የለውም። ብሩ ያው ብር ነው፣ የአንጥረኛው ማህተምም ያው ነው፤ ሰብሳቢው ተጨማሪውን ገንዘብ የሚከፍለው ለሰውየው ነው። ይህን ስል ገበያውን ለመውቀስ አይደለም፤ እንዲያውም ገበያው እዚህ ላይ ትክክል ይመስለኛል። ስም ያለው መስቀል ይበልጣል፣ ስለሚናገር።

ችግሩ የሚመጣው ስብስብ ሲበተን ነው። አንድ ወታደር አንድ ሜዳሊያ ብቻ አይኖረውም። የነጻነት ሜዳሊያ አለው፣ ከፍ ካለ መስቀሉ፣ የክረምቱ ጦርነት መታሰቢያ ሜዳሊያ፣ ሪባኑ ላይ የተዋጋበትን ግንባር ስም የያዘ ትንሽ ጠፍጣፋ ብረት፤ ሱማ፣ ታይፓሌ፣ ኮላ እያለ። በ1957 የተቋቋመው የሁለተኛው ጦርነት መታሰቢያም ይጨመራል። እነዚህ አንድ ላይ ሲነበቡ የአንድ ሰው የአምስት ዓመት ሕይወት ናቸው፣ የት እንደነበረ፣ መቼ ከፍ እንዳለ ይገኝበታል። ተለያይተው ሲሸጡ ግን መታሰቢያ ሜዳሊያው በርካሽ ዕቃ ሣጥን ውስጥ ይጣላል፣ ምክንያቱም በብዙ ሺህ የታደለ ነው። መስቀሉ ለአንዱ ይሄዳል። የግንባሩ ስም ያለበት ብረት የቀረውን ስብስቡን ለማሟላት ለሚፈልግ ለሌላው። ወረቀቱ ደግሞ አንዳንዴ «አሮጌ ሰነዶች» ተብሎ ከሌላ ሰው ወረቀት ጋር ይጠቀለላል። ሻጩ በዚህ መንገድ ትንሽ ተጨማሪ ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል። ያ ሰው ግን ጠፋ። አንድም ሕግ ሳይጣስ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ ጠፋ። በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የሚያናድደኝ ነገር ይሄ ነው።

የሐራጅ ቤቶች ይህንን መከላከል ይችላሉ። የአንድ ሰው ስብስብ በአንድ የጨረታ ቁጥር፣ እንደ አንድ ዕቃ እንዲሸጥ ሻጩን መምከር ከባድ ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ለሻጩም የሚበጀው እሱ ነው፣ ከወረቀቱ ጋር ያለ ሙሉ ስብስብ የተሻለ ተጫራች ይጠራልና። ወረቀቱን በካታሎግ ላይ በጉልህ ፎቶ አንስቶ ማውጣትም እንዲሁ። ጥሩዎቹ ያደርጉታል። የማያደርጉትን መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው።

ስለ ፎርጅድ ትንሽ ልጨምር፣ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ነውና። በጦርነቱ ዘመን የፊንላንድ ኒሻኖችን ይሠሩ ከነበሩት አንዱ የቲላንደር ቤት ነው፤ ከሴንት ፒተርስበርግ አብዮቱን ሸሽቶ ሄልሲንኪ የገባ የወርቅና የብር ሠሪ ቤተሰብ። የፊንላንድ ብር የራሱ ማህተም አለው፤ ዘውድ፣ የብሩን ጥራት የሚያሳይ ቁጥር፣ የከተማው ምልክት፣ የሠሪው ምልክትና ዓመቱን የሚነግር ፊደል ከቁጥር ጋር። የ1939 መስቀል ነው ተብሎ የዓመት ፊደሉ 1960ዎቹን የሚያመለክት ከሆነ፣ ያ ዕቃ ቢያንስ በጦርነቱ ጊዜ የተሰጠው አይደለም። ይህ ሁልጊዜ ማጭበርበር ነው ማለት ግን አይደለም። ተሸላሚዎች መስቀላቸው ሲጠፋ ወይም ኢናሜሉ (ላዩ ላይ ያለው ቀለማም የመስታወት ልባጭ) ሲሰነጠቅ ሌላ ይገዙ ነበር፣ ሰብሳቢዎችም ክፍተት ለመሙላት የተሠራ ኮፒ ይገዛሉ። ኮፒ ኮፒ ነው ተብሎ ከተሸጠ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ኮፒው እጅ በእጅ ሲዞር ሦስተኛው ሻጭ ላይ ደርሶ ኦሪጅናል ሲሆን ነው።

ከዚህ የከፋው ግን እውነተኛ መስቀል ከእውነተኛ ሆኖም ከሌላ ሰው ወረቀት ጋር ማጋባት ነው። ሁለቱም ዕቃ ትክክለኛ ስለሆነ በማጉያ መነጽር አይያዝም። የሚያዘው በመዝገብ ነው። ደግነቱ ፊንላንድ በዚህ በኩል የተባረከች አገር ናት። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቷ የጦር ክፍሎችን የየዕለት መዝገብ ዲጂታል አድርጎ ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል፤ በጦርነቱ የሞቱት በስም የሚፈለጉበት ዳታቤዝ አለ፤ የመከላከያው የጦርነት ጊዜ ፎቶ ስብስብ፣ ወደ 160,000 ምስል፣ ከ2013 ጀምሮ በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም፣ ክፍሉንና ቀኑን ወስዶ ክፍሉ በዚያ ቀን የት ነበር ብሎ ማየት የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ቋንቋው ቢከብድም የኮምፒውተር ትርጉም ይበቃል። ይህን ሳያደርግ በብዙ ሺህ ዩሮ የሚጫረት ሰው ይገርመኛል።

አንድ ዓይነት ደግሞ አለ፣ ዋጋው ትልቅ ባይሆንም እኔ ከሌሎቹ ለይቼ የማየው። ጦር ሜዳ ለወደቀ ሰው ቤተሰብ የሚሰጥ፣ በሐዘን ሪባን ላይ የተንጠለጠለ የነጻነት መስቀል ነው። የሚቀበለው ሟቹ አይደለም፤ እናቱ ወይም ሚስቱ ናት። ፊንላንድ በእነዚያ ጦርነቶች ወደ 95,000 ወታደር አጥታለች፣ ያውም ከአራት ሚሊዮን በታች ከነበረ ሕዝብ። አስከሬኑ ከተገኘ ሟቹን ከግንባር ወደ ትውልድ ሰበካው አምጥቶ መቅበር የአገሩ ልማድ ሆኖ ነበር፤ ዛሬም የትኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ብትገቡ በረድፍ የተቀበሩትን ታገኛላችሁ። በሜይ 1942 በእናቶች ቀን ደግሞ ማነርሄይም የነጻነት መስቀልን ለፊንላንድ እናቶች በሙሉ ሰጡ። ለ«እናቶች» ተብሎ የተሰጠው ያ መስቀል ከትዕዛዙ ጽሑፍ ጋር በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እስካሁን አለ።

የሐዘን መስቀል ጨረታ ላይ ሲወጣ ምን ማድረግ ይገባል? ሰብሳቢዎች በዚህ አይስማሙም። አንዳንዱ በጭራሽ መሸጥ የለበትም ይላል። እኔ እንደዚያ አልልም፤ ዘር ያላስቀረ ቤተሰብ አለ፣ መስቀሉም ቆሻሻ ውስጥ ከሚገባ የሚያከብረው ሰው እጅ ቢገባ ይሻላል። ግን ስሙ የሚታወቅ ከሆነ፣ መጀመሪያ ለሰበካው ወይም ለአካባቢው ሙዚየም አሳውቁ። ብዙ ትናንሽ ሙዚየሞች ገንዘብ የላቸውም፣ ቦታ ግን አላቸው። የሟቹ መቃብር ከዚያው ጥቂት መቶ ሜትር ላይ ይሆናል።

ገበያውን የሚያወሳስብ ሌላ ነገር ስዋስቲካው ነው፣ በኋላ የናዚዎች ምልክት ሆኖ የታወቀው ጫፎቹ የታጠፉ መስቀል። ጋለን-ካሌላ የነጻነት መስቀልን ሲነድፉ ስዋስቲካ አስገብተውበታል። ይህ በ1918 ነው፤ የናዚ ፓርቲ ምልክቱን የወሰደው ከዚያ በኋላ በ1920 ነው። የፊንላንድ አየር ኃይል ሰማያዊ ስዋስቲካ ደግሞ የመጣው ስዊድናዊው ካውንት ኤሪክ ፎን ሮዘን በማርች 1918 በስጦታ ባመጡት አውሮፕላን ላይ ከነበረው ምልክት ነው። ታሪኩ ንጹህ ነው ብሎ ማለፍ ግን አይቻልም፣ ምክንያቱም እኚሁ ካውንት የናዚው ባለሥልጣን የሄርማን ጎሪንግ የሚስት እህት ባል ነበሩ፣ በኋላም ለናዚ ቅርበት አሳይተዋል። ፊንላንድ ራሷ ቀስ በቀስ ከምልክቱ እየራቀች ነው። የነጭ ጽጌረዳ ኒሻን የአንገት ሰንሰለት ላይ የነበሩት ስዋስቲካዎች በ1963 በሌላ ቅርጽ ተተኩ፤ የአየር ኃይሉ ዕዝ ከአርማው ላይ ያለ ማስታወቂያ ማንሳቱ በ2020 ዜና ሆነ፤ በ2025 ደግሞ ከክፍሎቹ ባንዲራም እንደሚነሳ ተነገረ። የነጻነት መስቀል ላይ ግን አሁንም አለ።

ለሰብሳቢው ይህ ተግባራዊ ጉዳይ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጡ ትላልቅ ገበያዎች ስዋስቲካ ያለበትን ፎቶ ሲያዩ ናዚ ይሁን አይሁን ሳይለዩ ያነሱታል። ጀርመን ውስጥ ምልክቱን በአደባባይ ማሳየት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ የጨረታ ካታሎጎች መሀሉን ሸፍነው ያወጡታል። ይህን ሳያውቅ ፎቶውን የለጠፈ ሰው መለያው ሊዘጋበት ይችላል። እና ደግሞ፣ ምልክቱን ብቻ ፈልጎ የሚመጣ ገዢም አለ። ዕቃውን ከሚሸጥ ሰው የምጠብቀው ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፎ አብሮ ማስቀመጥ ነው፣ በ1918 ምን እንደነበረና በኋላ ምን እንደሆነ ሁለቱንም።

በነገራችን ላይ የካውንቱ ልጅ ለኛ እንግዳ አይደሉም። ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜ ለስዊድን ቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን ያበሩ ነበር። በ1940 ለፊንላንድ ተዋጉ፤ የመንገደኛ ማጓጓዣ የነበረ ዲሲ-2 አውሮፕላን ቦምብ ጣይ አድርገው ሶቪየቶችን ደበደቡ፣ አውሮፕላኑም ዛሬ ፊንላንድ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ከዚያ ኢትዮጵያ ተመልሰው እስከ 1956 ድረስ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መሩ። የሞቱትም እዚሁ ነው፣ በጁላይ 1977፣ በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ። ሌላው ስዊድናዊ ቪኪንግ ታምም በሆለታ የጦር አካዳሚ እጩ መኮንኖችን ያሠለጠኑ ሰው ናቸው፣ በክረምቱ ጦርነት ደግሞ ፊንላንድ ዘምተዋል። እንግዲህ በስዊድን ጨረታ ላይ የፊንላንድና የኢትዮጵያ ኒሻን ጎን ለጎን የያዘ የአንድ መኮንን ስብስብ ቢወጣ ተደባልቆ የመጣ አይደለም፣ አንድ የሕይወት ታሪክ ነው። የፊንላንዱን ለፊንላንድ ሰብሳቢ፣ የኢትዮጵያውን ለሌላ ብሎ መከፋፈል የሚያጠፋው ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ብርቅ የሚሆነው በጥቂቱ የተሰጠው ብቻ አይደለም፤ በብዛት የጠፋውም ነው። በሴፕቴምበር 1944 ፊንላንድ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የተኩስ አቁም ስትፈርም የበጎ ፈቃደኛ መከላከያ ዘቡና የሴቶቹ ድርጅት ሎታ ስቫርድ በዚያው መኸር እንዲፈርሱ ተደረገ። ብዙ ሰው ፈርቶ ምልክቱን፣ ወረቀቱንና ፎቶውን አቃጠለ ወይም ደበቀ። ሴቶቹ የጦር መሣሪያ አይዙም ነበር፤ ቁስለኛ ያስታምሙ፣ ያበስሉ፣ ሰማይ ሲቃኙ ያድሩ ነበር። ለአሥርተ ዓመታት ስለ አገልግሎታቸው ጮክ ብለው አላወሩም። ከወረቀቱ ጋር የተረፈ የሎታ የክብር ምልክት ሲገኝ አንዲት ሴት በዚያ ፍርሃት መሀል ላለማቃጠል ወስና ነበር ማለት ነው። ገበያው ለዚህ የሚሰጠው ዋጋ ከወንዶቹ መስቀል በጣም ያነሰ ነው፣ ይሄ ደግሞ ልክ አይመስለኝም።

ለመግዛት ያሰበ ሰው ሁለት ነገር አስቀድሞ ይወቅ። አንደኛ፣ መዶሻው የወደቀበት ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። የሐራጅ ቤቱ ኮሚሽን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ አካባቢ ይጨመርበታል፣ ከዚያ መላኪያ፣ ኢንሹራንስ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሆናችሁ ደግሞ የአገራችሁ ጉምሩክ። ሁለተኛ፣ ፊንላንድ የባህል ቅርስ ከአገር ስለማውጣት ሕግ አላት፤ የመውጫ ፈቃድ ጉዳይ የሚመለከተው ዋናው መሥሪያ ቤት ብሔራዊው የቅርስ ባለሥልጣን ነው። ተራ የመታሰቢያ ሜዳሊያ ይህ ላያሳስበው ይችላል። ትልቅ ስም ያለበት መስቀል ግን ያሳስበዋል። ሄልሲንኪ ላይ ተጫርታችሁ ካሸነፋችሁ በኋላ ፈቃድ መጠየቅ ዘግይቷል፤ ጥያቄው ከጨረታው በፊት በጽሑፍ ለአጫራቹ ይላክ፣ መልሱም በጽሑፍ ይምጣ።

ለወራሾችም አንድ ነገር አለኝ። ኒሻኑን ሳታጸዱት ተዉት፤ ያጠቆረው ዕድሜ ነው፣ አሸት አሸት አድርጋችሁ ብታበሩት ማህተሙም ይደበዝዛል ዋጋውም ይወርዳል። ሪባኑን አትቀይሩ። ሁሉንም አንድ ላይ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ፣ ወረቀቱን ፊትና ጀርባውን ስካን አድርጉ፣ የቤተሰቡ ትልቅ ሰው በሕይወት ካለ የሰውየውን ሙሉ ስም፣ የትውልድ መንደሩንና የነበረበትን ክፍል አስነግራችሁ ጻፉት። ብትሸጡ ያንን ጽሑፍ ከዕቃው ጋር ስጡ። ባትሸጡም ቅጂውን ለብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ወይም ለአካባቢው ሙዚየም ላኩ። ወንድማማቾች መካፈል ካለባቸው ደግሞ ገንዘቡን ይካፈሉ፤ ስብስቡ በአንድ ቁጥር ይሸጥ፣ ይህንንም ከአጫራቹ ጋር በሚፈርሙት ውል ላይ ያስገቡት።